አንቴና ከመግዛታችሁ በፊት፦ ድሮን ለምታበርሩ ወዳጆቼና ለቀድሞ ተማሪዎቼ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ከወር በፊት ገደማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቴክሳስ በቪዲዮ ደወለልኝ። ስሙን አልጠራም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል፤ እንዲያውም "ይጻፉት ቲቸር፣ ሌላው ይማርበት" ነው ያለኝ። ልጁ በሥራ ቀን እቃ ያደርሳል፣ በእረፍቱ ቀን ድሮን ያበርራል። ያገለገለ ድሮን ነው የገዛው። ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረው። "ርቀትን እጥፍ የሚያደርግ አንቴና" የሚል ማስታወቂያ አየና ገዝቶ ቀየረ። ከዚያስ? ጭራሽ ባሰበት።

"ቲቸር፣ ተሸወድኩ መሰለኝ" አለኝ።

"እስኪ ሪሞቱን እንዴት እንደምትይዘው አሳየኝ" አልኩት።

አሳየኝ። የሁለቱንም አንቴናዎች ጫፍ ወደ ድሮኑ ቀስሮ፣ ልክ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ነው የሚይዘው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ደስ አላለኝም። ይህን ልጅ ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፍጥነት እኩል ነው ፍሪኩዌንሲ ሲባዛ በሞገድ ርዝመት የሚለውን ከእኔ ነው የሰማው። ፈተናውንም በደንብ ነው የሠራው። አንድ ቀጥ ያለ አንቴና በየት በኩል እንደሚረጭ ግን አያውቅም። ጥፋቱ የማን ነው? እኔ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

"ጎኑን ስጠው እንጂ ጫፉን አትስጠው" አልኩት። በማግስቱ "ቲቸር ሠራ! ሠራ!" የሚል የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እኔም ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሻችሁም። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አንቴና ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እንነጋገር። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ገጠር ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ። ማዶ ያለ ሰው ስንጣራ ሁለት እጃችንን አፋችን ላይ እንደ ቀንድ እናደርጋለን። ሳንባችን አልጨመረም፣ ጉሮሯችንም ያው ነው። ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይባክን የነበረውን ድምፅ ሰብስበን ወደ ማዶ ላክነው እንጂ። ማዶ ያለውም ሰው እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል። እሱም የሚመጣውን ድምፅ አልጨመረም፣ ከአንድ አቅጣጫ አብልጦ ሰበሰበ። አንቴና ይኸው ነው። ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለውን ጉልበት አቅጣጫ ያስይዛል። ለመላክም ለመቀበልም እኩል ይሠራል። ስለዚህ "ጉልበት የሚጨምር አንቴና" ሲሏችሁ "ከየት አምጥቶ?" ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ፊት የጨመረው ሁሉ ከጎን የቀነሰው ነው።

ያ ተራ ዱላ የሚመስለው አንቴና ደግሞ የሚረጨው በጎኑ ዙሪያውን ነው። መሃሉ ቀዳዳ ያለው ቦምቦሊኖ ዱላ ላይ ሰክታችሁ አስቡት፤ ቦምቦሊኖው ሲግናሉ ነው። በዱላው ጫፍ በኩል ምንም የለም ማለት ይቻላል። ጫፉን ወደ ድሮኑ ስትቀስሩ ቀዳዳውን ነው የምትሰጡት። የተሻለ አንቴና ሲሆን ደግሞ ቦምቦሊኖው ይበልጥ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ቀዳዳውም ይብሳል። ልጁ ጥሩ አንቴና ገዝቶ የባሰበት ለዚህ ነው። አንቴናው ጥፋት የለበትም፤ አያያዙ ነው።

ዲሽ ያስተካከለ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት። "መጣ!" "ጠፋ!" "ትንሽ መልስ!" "ተወው፣ እንዳትነካው!" እየተባለ ስንት ቅዳሜ አሳልፈናል? ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። አንድ ሜትር በማይሞላ ዲሽ ግን ጥርት አድርገን እናያለን። ዲሹን በጥቂት ዲግሪ ስታዞሩት ደግሞ ምንም የለም። ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት ወደ ምሥራቅ በኩል ስለሆኑ ኢትዮሳት ሲመጣ አገር ምድሩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያዞር አልነበር? ይህ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ርቀት ብቻውን ጠላት አይደለም፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሲግናል በጣም ሩቅ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ አንቴና በአንድ አቅጣጫ በጎበዘ ቁጥር በሌላው አቅጣጫ ይታወራል። ሳተላይት ደግሞ ለዲሹ ባለበት የቆመ ነው። ድሮን ግን ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከኋላችሁም ይመጣል።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። አትፍሩ፣ ማትሪክ አይደለም።

ሲግናል በርቀት ሲዳከም የሚከተለው የካሬ ሕግን ነው። ርቀቱ 2 እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጉልበት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት እጥፍ ርቆ ለመሄድ 4 እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። በባለሙያዎቹ መለኪያ 4 እጥፍ ማለት 6 ዲቢ ነው። 3 ዲቢ የተሻለ አንቴና ከገዛችሁ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ርቀቱ ግን እጥፍ አይሆንም፣ ቢበዛ 1.4 እጥፍ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የነበረው 1.4 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ያውም ምንም በሌለበት ሜዳ። ማስታወቂያው "እጥፍ" ሲል ጉልበቱን ይሁን ርቀቱን አይነግራችሁም።

ይህን ከወረቀት ውጪ ማየት የሚፈልግ ካለ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዲጄአይ ሚኒ 2 የሚባለው ትንሽ ድሮን በአሜሪካ ደንብ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ እስከ 26 ዲቢኤም ይልካል፣ በአውሮፓ ደንብ ሲሠራ እስከ 20። ልዩነቱ 6 ዲቢ፣ ማለትም 4 እጥፍ ጉልበት ነው። አምራቹ የጻፈው ርቀት ግን ለአሜሪካ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለአውሮፓ 6 ኪሎ ሜትር ነው። አያችሁ? ጉልበቱ 4 እጥፍ ሆኖ ርቀቱ 2 እጥፍ እንኳን አልሞላም። እነዚህም ቁጥሮች ቢሆኑ ሰው በሌለበት፣ ሌላ ሲግናል በማይረብሽበት ክፍት ቦታ የሚገኙ ናቸው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። "ድሮኑን እያየሁት ሲግናል ለምን ይቆረጣል?" ይላሉ። ሲግናል እንደ ክር ቀጭን ሆኖ አይሄድም፤ ወፍራም ሰውነት አለው። በእናንተና በድሮኑ መካከል 2 ኪሎ ሜትር ካለ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ መሃሉ ላይ ከቀጥታው መስመር ዙሪያውን 8 ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ይፈልጋል። ፍሬኔል ዞን ይባላል። ድሮኑ ከዛፎቹ አናት ትንሽ ከፍ ብሎ ቢታያችሁም የሲግናሉ ሆድ ዛፎቹን እየታከከ ነው የሚያልፈው። እኛ ደሴ ያደግን ሰዎች ተራራ ሲግናልን ምን እንደሚያደርግ ማንም አይነግረንም። ጦሳ ስር ቁጭ ብላችሁ ከተራራው ጀርባ ያለ ነገር ላነጋግር ብትሉ የፈለጋችሁትን አንቴና ግዙ፣ ጦሳ አይነቃነቅም።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ነጻ የሆኑትን ጨርሱ።

አንደኛ፣ አያያዝ። የአንቴናውን ጎን ለድሮኑ ስጡ። ሪሞቱን ከሆዳችሁ አታስጠጉት፣ በሰውነታችሁም አትከልሉት። ሰው በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይበላል።

ሁለተኛ፣ ቦታ። ከመኪናው ጎን፣ ከግንቡ ስር፣ ከብረት አጥሩ ኋላ አትቁሙ። ሁለት ሜትር ከፍ ማለት ብቻ ከአንድ አንቴና ዋጋ የበለጠ ሊሠራላችሁ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጫጫታ። 2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይና የብሉቱዝም መንደር ነው። አፓርታማ መሃል ሆናችሁ "አንቴናው ደካማ ነው" አትበሉ። ገበያ መሃል ቆሞ ሹክ እንደማለት ነው።

እነዚህን ጨርሳችሁ አሁንም ምስሉ ከተቆራረጠ አንቴና መቀየር ያስኬዳል፤ እኔም አልቃወምም። ግን አንቴናው የተሠራበት ፍሪኩዌንሲ ከሪሞቱ ጋር አንድ ይሁን። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ የ5.8ቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንቴና የሚቆረጠው በዚህ ልክ ነው፣ ስለረዘመ ብቻ አይሻልም። ማያያዣውንም እዩ። የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት አሉ፣ ኤስኤምኤና አርፒ ኤስኤምኤ። እርስ በርስ ተጠምዝዘው ይገጥማሉ፤ መሃል ያለው መርፌ ግን አይነካካም። ስትገጥሙት የተሳካ ይመስላችኋል፣ ውስጡ ግን አንቴና እንደሌለው ነው። አስተላላፊ ደግሞ ያለ አንቴና ሲበራ ጉልበቱ ተመልሶ ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል። ኬብሉም አጭር ይሁን። ቀጭን ኬብል ረዘም ካለ በአንቴናው ያገኛችሁትን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ከአንቴናው አልፋችሁ አምፕሊፋየር ለምትሉ ግን ቆም በሉ እላለሁ። ሪሞቱ ላይ ብቻ የተገጠመ አስተላላፊ አምፕሊፋየር የእናንተን ጩኸት ነው የሚጨምረው፣ የድሮኑን አይደለም። እሱ ይሰማችኋል፣ እናንተ አትሰሙትም፤ ምስሉ ጠፍቶ ድሮኑ እየሄደ ነው ማለት ነው። ጉልበትን በተመለከተም ሕግ አለ። አውሮፓ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚፈቀደው 100 ሚሊዋት ነው፣ ያውም አንቴናው የጨመረው ተደምሮ። አሜሪካም ቢሆን የሪሞቱ ፈቃድ የተሰጠው ከመጣበት አንቴና ጋር ነው። "ትንሽ ነገር ነው" አትበሉ። በዚያው አየር ላይ የጎረቤታችሁም ዕቃ አለ።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ያለፈው እሑድ ማታ እንደገና ደወለ። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ። "ቲቸር፣ ሰው ልገድል ነበር እኮ" አለኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። አንቴናው ከተስተካከለ በኋላ ምስሉ ጥርት አለለት። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ በዚያ ቀን ከዚያም አለፈ። ድሮኑ ከዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ የሚያየው ስክሪኑን ብቻ ነው። የባትሪው 40 በመቶ ሲቀር ዞረ። "ስሄድ ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፣ ይበቃኛል" ብሎ ነው። ነፋሱን ግን አላሰበም። ሲሄድ ነፋሱ ከኋላው ነበር፣ ሲመለስ ከፊቱ ሆነ።

ለሒሳብ እንዲመች አድርጌ ላስላላችሁ። የድሮኑ ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜትር ይሁን፣ ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር። ሲሄድ 12 ሲደመር 6፣ 18 ነው። 3.6 ኪሎ ሜትሩን በ200 ሰከንድ፣ ማለትም በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይጨርሳል። ሲመለስ 12 ሲቀነስ 6፣ 6 ነው። ያንኑ መንገድ 600 ሰከንድ፣ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ሦስት እጥፍ! ይህ የ11ኛ ክፍል የአንጻራዊ ፍጥነት ጥያቄ ነው። እኔ በጀልባና በወንዝ ነበር ያስተማርኩት። ልጁ ጀልባውን ያውቃል፣ ድሮኑ ጀልባ መሆኑን ግን አላወቀም።

ባትሪው አለቀና ድሮኑ ባለበት በራሱ መውረድ ጀመረ። የወረደው መንገድ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ በመኪና እየመጣች ድንገት ፍሬን ያዘች። ከኋላዋ ሌላ መኪና አልነበረም። ልጆች ከኋላ ወንበር ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተነካም። እሱ ይህን ሁሉ ያየው በስክሪኑ ነው። ሲግናሉ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ ጥርት ያለ ነበር።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። አንቴናው ሠርቷል፤ የነገርኩትም ነገር ትክክል ነበር። በፊት፣ አንቴናውን አጣሞ ሲይዘው፣ ሲግናሉ ከአንድ ኪሎ ሜትር አያሳልፈውም ነበር። ሳያውቀው ያ ደካማ ሲግናል አጥር ሆኖለት ነበር። አጥሩን ያፈረስኩለት እኔ ነኝ። እንዴት ሩቅ እንደሚሄድ ነገርኩት፣ እንዴት እንደሚመለስ ግን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም ብዬ ማምለጥ እችል ነበር። ግን አስተማሪ የተጠየቀውን ብቻ ከመለሰ ከመጽሐፉ በምን ተሻለ?

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። የተሻለ አንቴና ግዙ፤ ለመራቅ ግን አትግዙት። በዓይናችሁ በምታዩት ርቀት ውስጥ ሲግናላችሁ እንዳይቆረጥ ግዙት። ጥሩ አንቴና ማለት እንደ ጥሩ ፍሬን ነው። ፍሬኑ ጥሩ ስለሆነ በ120 እንነዳለን አንልም አይደል?

"ሌሎች ሩቅ ያበርሩ የለ እንዴ?" ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ያበርራሉ። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደም ለጤና ተቋማት በድሮን ይላካል፣ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት። የሰው ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ግን እነሱ ከአየር መንገድ ተቆጣጣሪው ፈቃድ አላቸው፣ የታወቀ መስመር አላቸው፣ ድሮኑ ሲበላሽ በፓራሹት የሚወርድበት ዘዴ አላቸው። አንቴና ገዝተው ብቻ አይደለም የሄዱት። ርቀት በራሱ ኃጢአት አይደለም፣ ያለ ዝግጅት የሆነ እንደሆነ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ሕጉን እወቁ። ለመዝናኛ የሚያበርር ሰው ድሮኑን በዓይኑ ማየት አለበት፣ ወይም አጠገቡ ቆሞ የሚያይለት ሰው ሊኖር ይገባል። ቁጥጥር በሌለበት አየር ክልል ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ መውጣት የለበትም። ከ250 ግራም በላይ የሆነ ድሮን መመዝገብ አለበት። ትረስት የሚባል ነጻ ፈተናም አለ፣ ውሰዱት። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በተለይ ስሙኝ፤ ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማንሳት ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ናቸው። የልጅ ልደት ላቅርጽ ብላችሁ ጓሮ ውስጥ እንኳን እንዳታነሱት።

አገር ቤት ያለን ደግሞ ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም እንደማይቻል እናውቃለን። ለበዓል ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ አየር ማረፊያ ላይ እንዳትጉላሉ። ከሕጉም ሌላ፣ እዚህ "ድሮን" የሚለው ቃል ለብዙ ሰው የሠርግ ቪዲዮ አይደለም። ያንን ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ይዘው ቤት የሚገቡ እናቶች አሉ። የእናንተ መጫወቻ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እነሱ ግን አያውቁም። ይህን ማሰብ ሕግ አያስፈልገውም።

እኔ ራሴ ድሮን በእጄ ይዤ አላውቅም፤ በዲፕሎማ ማስተማር የጀመርኩ፣ ዲሽና ሬዲዮ ስጠጋግን ያደግኩ ሰው ነኝ። ግን ይህ ታሪክ ክፍሌን ቀይሮታል። በዚህ ሳምንት ሞገድን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ቀመር ከመጻፌ በፊት አንድ አሮጌ ሬዲዮ ይዤ ገባሁ። አንቴናውን አንዴ አቆምኩት፣ አንዴ አጋደምኩት፣ አንዴ ጫፉን ወደ ማሰራጫው በኩል ቀሰርኩት። ድምፁ ሲጠፋና ሲመጣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "መጣ! ጠፋ!" ማለት ጀመረ። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። የወንዙንና የጀልባውን ጥያቄ ደግሞ በነፋስና በድሮን ቀየርኩት። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ታዲያ መጀመሪያ ነፋሱን ተጋፍቶ ሄዶ ሲመለስ ከኋላው ቢያደርገው አይሻልም?" አለችኝ። ያ ልጅ ያን ጥያቄ ያኔ ቢጠይቀኝ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እንዲጠይቅ ያደረግኩት ነገር ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

አልነበረም።

የእኔ ተማሪ የነበራችሁ፣ አሁን የትም ብትሆኑ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የድሮኑ ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜትር፣ ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር፣ ባትሪው በጠቅላላ 20 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ 5 ደቂቃውን መጠባበቂያ አድርጋችሁ ያዙ። ነፋሱን ከኋላ አድርጎ የሄደ ሰው ቢበዛ ምን ያህል ርቆ ነው መዞር ያለበት? መልሱን ኮሜንት ላይ ጻፉ። አሠራሩንም አሳዩ፣ መልስ ብቻ አልቀበልም፤ ታውቁኛላችሁ።

ልጁ ድሮኑን አስጠግኖታል። ከዓይኑ ሳያርቅ ነው የሚያበርረው። ትናንት ከሠፈሩ ሜዳ ያነሳውን ቪዲዮ ላከልኝ፣ 300 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ። ጥርት ያለ ነው። ሪሞቱን እንዴት እንደያዘው የሚያሳይ ፎቶም አብሮ ልኳል፤ የአንቴናዎቹን ጎን ሰጥቶ፣ ቀጥ አድርጎ። ከስሩ "ቲቸር፣ ነፋሱንም ለክቻለሁ" ብሎ ጽፎበታል።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።